የሚያንጠባጥብ የመታጠቢያ ቤት ቧንቧን በራስ መጠገን

ቧንቧ ማንጠባጠብ ሲጀምር አብዛኛው ሰው እጀታውን አጥብቆ ይዘጋዋል። ጠብታው ለሁለት ሦስት ቀን ይቆም ይሆናል፤ ያረጀው ጎሚኒ (ውሃውን የሚዘጋው ትንሽ ጎማ) ግን ይበልጥ ይጨፈለቃል፣ የሚያርፍበት የናስ መቀመጫም ይቧጠጣል። በአንዲት ጎሚኒ ያልቅ የነበረው ሥራ ቀስ በቀስ ቧንቧውን በሙሉ እስከ መቀየር ይደርሳል። ስለዚህ የመጀመሪያው ደንብ ጉልበት አለመጨመር ነው። እጀታው ለመዘጋት ከወትሮው በላይ ከታገለ ውስጡ ያለቀ ነገር አለ፤ እሱን ፈልጎ መቀየር ደግሞ የተለየ ሙያ አይጠይቅም።

ጠብታው ትንሽ መስሎ ከታየዎት ይለኩት። ከቧንቧው ሥር ኩባያ አስቀምጠው 10 ደቂቃ ይጠብቁ፣ የተጠራቀመውን በ144 ያባዙት፤ የአንድ ቀኑ ብክነት ይወጣል። በ10 ደቂቃ 100 ሚሊ ሊትር ከተጠራቀመ በቀን ከ14 ሊትር በላይ እየፈሰሰ ነው። የሚንጠባጠበው በሙቅ ውሃው በኩል ከሆነ ያንን ውሃ ያሞቀው ኃይልም አብሮ ይሄዳል።

ውሃው የሚወጣው ከየት ነው?

መፍቻ ከማንሳትዎ በፊት ቧንቧውን ከላይ እስከ ታች በጨርቅ አድርቀው በደረቅ ሶፍት እየነኩ ይፈትሹት። የሚፈስበት ቦታ የትኛው ክፍል እንዳለቀ ይናገራል።

እጀታው ተዘግቶ ሳለ ከአፉ የሚንጠባጠብ ከሆነ ችግሩ ውሃውን የሚዘጋው ክፍል ላይ ነው፤ በድሮው ቧንቧ ጎሚኒው፣ ሙቅና ቀዝቃዛውን በአንድ እጀታ በሚቀላቅለው ሚክሰር ደግሞ ካርትሪጁ (ውሃውን የሚከፍተውና የሚዘጋው የውስጥ ክፍል) ማለት ነው። ውሃው የሚታየው ቧንቧው ሲከፈት ብቻ ሆኖ በእጀታው ዙሪያ ከሆነ እጀታው የሚሰካበት ዘንግ ማሸጊያ ወይም ኦሪንግ (የቀለበት ቅርጽ ያለው ጎማ) አልቋል። ወዲያና ወዲህ ከሚዞረው አንገት ሥር የሚወጣ ውሃ ደግሞ የአንገቱ ኦሪንጎች ሥራ ነው።

ከሲንኩ በታች የሚታይ ውሃ ግን ያሳስታል። ከላይ የፈሰሰ ውሃ ውሃ ወደ ቧንቧው በሚያመጣው ተጣጣፊ ቱቦ፣ በፍሌክሲብሉ ላይ እየተንሸራተተ ወርዶ ዝቅ ካለው መታጠፊያ ላይ ይንጠባጠባል፤ ስለዚህ ጤነኛ ፍሌክሲብል ተቀይሮ ፍሳሹ ሳይቆም የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው። ሁልጊዜ ከላይ ወደ ታች ይፈትሹ፣ መጀመሪያ የረጠበው የላይኛው ቦታ ላይ ይቁሙ።

ቧንቧው ከተዘጋ በኋላ ጥቂት ጠብታ ወርዶ የሚቆም ከሆነ ብልሽት አይደለም። በአፉና በወንፊቱ ውስጥ የቀረው ውሃ ነው፤ በሻወር ራስ ላይ ደግሞ ይህ ለደቂቃዎች ሊቆይ ይችላል። ሳያቋርጥ የሚቀጥል ጠብታ ነው ጥገና የሚፈልገው።

ባለ ሁለት እጀታ ቧንቧ ከሆነ የትኛው ወገን እንደተበላሸ ለማወቅ ከሲንኩ ሥር ከግድግዳው የወጣውን የሙቁን ትንሽ መዝጊያ (አንግል ቫልቭ) ብቻ ይዝጉ። ጠብታው ከቆመ ጥፋቱ የሙቁ ነው፤ ካልቆመ የቀዝቃዛው።

ከመፍታትዎ በፊት

ሁለቱንም አንግል ቫልቮች ወደ ቀኝ አዙረው ይዝጉ። ለዓመታት ያልተነካ አንግል ቫልቭ ሊደርቅ ይችላል፤ በፒንሳ አይታገሉት፣ ዘንጉ ይሰበራል። ትንሽ ወደ ግራ ትንሽ ወደ ቀኝ እያሉ ያለማምዱት፤ እምቢ ካለ ትተውት ዋናውን መዝጊያ ይዝጉ። ቤቱ ከፍ ብሎ የተቀመጠ ታንከር ካለው የቆጣሪውን መዝጊያ መዝጋት ብቻውን አይበቃም፤ የታንከሩም መውጫ መዘጋት አለበት። የሙቁን መስመር የሚነኩ ከሆነ ቦይለሩን ከኤሌክትሪክ ያላቁት።

ከዚያ ቧንቧውን ከፍተው የቀረው ውሃ እንዲወጣ ያድርጉ፣ እጀታውንም ክፍት እንደሆነ ይተዉት። የሲንኩን ቀዳዳ በጨርቅ ይድፈኑ። ትንንሾቹ ብሎኖች እዚያ ከገቡ መመለሻ የላቸውም። የሚፈቱትን ዕቃ በወጣበት ቅደም ተከተል በፎጣ ላይ ይደርድሩ፣ በየደረጃውም በስልክዎ ፎቶ ያንሱ።

የሚያስፈልገው ዕቃ ብዙ አይደለም፦ ጠፍጣፋና ባለ መስቀል ካቻቢቴ፣ የ2፣ የ2.5 እና የ3 ሚሊ ሜትር ብሩጎላ (ባለ ስድስት ጎን መፍቻ)፣ እየሰፋ እየጠበበ የሚስተካከል መፍቻ፣ ፓፓጋሎ ፒንሳ፣ ቴፍሎን (የመገናኛ ማሸጊያ ስስ ነጭ ጥቅል)፣ አቼቶ፣ ያረጀ የጥርስ ብሩሽ እና ሲሊኮን ግሪስ። መፍቻው ክሮሙን እንዳይቧጥጥ አፉን በጨርቅ ይጠቅልሉት። ግሪሱ ላይ ግን አይደራደሩ። ቫዝሊንም ሆነ የመኪና ግሪስ የነዳጅ ውጤት ስለሆኑ በቧንቧ ውስጥ ያለውን ጎማ ያሳብጡታል፤ ያበጠው ኦሪንግ መጀመሪያ ይጠብቃል፣ ቆይቶ ይበጣጠሳል። ለመጠጥ ውሃ ቧንቧ የተሠራው ሲሊኮን ግሪስ ብቻ ነው የሚሆነው።

ብዙ ጊዜ እየዞረ የሚዘጋ ቧንቧ

እጀታው ሦስት አራት ዙር ዞሮ መጨረሻ ላይ እየለሰለሰ የሚጠብቅ ከሆነ በጎሚኒ የሚዘጋ ነው። ሩብ ወይም ግማሽ ዙር ዞሮ በድንገት የሚቆም ከሆነ ደግሞ ውስጡ ሴራሚክ ነው፤ ስለ እሱ ወደ ታች እንመለስበታለን።

1. በእጀታው አናት ላይ ያለውን ቀይ ወይም ሰማያዊ ክዳን በቀጭን ጠፍጣፋ ካቻቢቴ ከጠርዙ ቀስ ብለው ያንሱ፤ ከሥሩ ያለውን ብሎን ይፍቱ።

2. እጀታውን ወደ ላይ ይሳቡ። በነጭ ቅርፊት ከተጣበቀ በአቼቶ የራሰ ጨርቅ ለግማሽ ሰዓት ጠቅልለው ከዚያ እየወዘወዙ ያውጡት። በመዶሻ መምታት ዘንጉን ያጣምማል።

3. ዘንጉን ወደ መክፈቻው በኩል ግማሽ ያህል ያዙሩ። ይህን ሳያደርጉ ከፈቱ ጎሚኒው መቀመጫው ላይ እንደተጫነ ስለሚሆን ዘንጉንና ጎሚኒውን የያዘው የውስጡ ቫልቭ ይታገላል።

4. የቧንቧውን አካል በአንድ እጅዎ ጠንክረው ይዘው በሌላው በመፍቻ የውስጡን ቫልቭ ወደ ግራ ይፍቱ። አካሉ ካልተያዘ ቧንቧው በሙሉ ሲንኩ ላይ ይዞርና ከሥር ያለውን ፍሌክሲብል ይጠመዝዛል።

ቫልቩ ሲወጣ ጎሚኒው ጫፉ ላይ ይታያል፤ በትንሽ ዳዶ ወይም ብሎን ተይዟል፣ አንዳንዱም እንዲሁ ተሰክቶ ነው ያለው። ያለቀ ጎሚኒ ፊቱ ላይ የቀለበት ቅርጽ ያለው ጉድጓድ ይኖረዋል፣ ጠርዙ ይበላል ወይም እንደ ድንጋይ ይደርቃል። አዲሱን ሲገዙ አሮጌውን ይዘው ይሂዱ። ስፋቱም ውፍረቱም አንድ መሆን አለበት፣ ጠፍጣፋ ከነበረ ጠፍጣፋ፣ ሾጠጥ ያለ ከነበረ ሾጠጥ ያለ። ሰፋ ያለ ጎሚኒ ቫልቩ ውስጥ ይጨናነቃል፤ ወፍራም ከሆነ ደግሞ ቧንቧው በደንብ አይከፈትም፣ ውሃውም ይቀንሳል። የያዘው ዳዶ ዝጎ ከፈረሰ በዳዶው አይድከሙ፤ የውስጡን ቫልቭ ሙሉ በሙሉ መቀየር ይሻላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያልፈው አንድ ነገር አለ። አዲሱን ጎሚኒ ከማስገባትዎ በፊት የጣትዎን ጫፍ ወደ ውስጥ አስገብተው ጎሚኒው የሚያርፍበትን መቀመጫ ዙሪያውን ይዳስሱ፤ ባትሪ አብርተውም ይዩት። ለስላሳ፣ ሳይቋረጥ የሚዞር ከንፈር መሆን አለበት። ጥፍርዎን የሚይዝ ጭረት ወይም የተበላ ቦታ ካለ ውሃው በዚያ ክፍተት እየሾለከ አዲሱን ጎሚኒ ይቆርጠዋል፣ ጠብታውም በሳምንታት ውስጥ ይመለሳል። «ጎሚኒ ቀይሬ ነበር፣ አልሠራም» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። መቀመጫውን የሚያስተካክል ትንሽ የእጅ መሣሪያ አለ፤ በቫልቩ ቦታ ጥርሱ (የብሎን ጠመዝማዛው) ላይ ይታሰርና ሳይጫኑት ሁለት ሦስት ዙር ይዞራል። አብዝተው ከፋቁት ናሱ ይሳሳል። ሲጨርሱ ብናኙን በውሃ አጥበው ያስወጡ። በአንዳንድ ቧንቧዎች መቀመጫው ራሱ በብሩጎላ ተፈትቶ ይቀየራል።

ሲገጥሙ የዘንጉን ጥርስ ላይ ስስ ግሪስ ቀብተው ቫልቩን መጀመሪያ በእጅዎ ያስገቡ። በእጅ ሁለት ዙር በቀላሉ ካልሄደ ጥርሱ ተዛንፏል፤ ፈተው እንደገና ይጀምሩ። በመፍቻ ማስገደድ የቧንቧውን ጥርስ ይበላል፣ የተበላ ጥርስ ደግሞ አይጠገንም።

ውሃው በእጀታው ሥር የሚወጣ ከሆነ መጀመሪያ በዘንጉ ዙሪያ ያለውን ማሸጊያ ዳዶ አንድ ስምንተኛ ዙር ብቻ ያጥብቁ። ካልቆመ ዳዶውን ፈትተው ኦሪንጉን ይቀይሩ፤ ኦሪንግ የሌለው የድሮ ዓይነት ከሆነ ቴፍሎን እንደ ክር ገምደው ዘንጉ ላይ ሁለት ሦስት ዙር ይጠምጥሙና ዳዶውን ይመልሱ። ቧንቧው ሲከፈት የሚንቀጠቀጥ ወይም የሚጮኽ ከሆነም ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ዳዶው የላላ ጎሚኒ ነው፤ ውሃው ሲያልፍ ያርገበግበዋል።

ሩብ ዙር የሚዞረው ሴራሚክ ቫልቭ አይጠገንም፣ ሙሉውን ነው የሚቀየረው። ሲገዙ ቁመቱን፣ የዘንጉን ጥርስ ብዛት (ብዙ ጊዜ 20 ወይም 24 ነው) እና የሚዞርበትን አቅጣጫ ያመሳስሉ። የሙቁና የቀዝቃዛው ቫልቭ በተቃራኒ አቅጣጫ የሚከፈት ሊሆን ስለሚችል አንዱ ለሌላው አይተካም።

ባለ አንድ እጀታ ሚክሰር

በሚክሰር ውስጥ ውሃውን የሚዘጋውና የሚቀላቅለው ካርትሪጅ ነው። ውስጡ እንደ መስታወት የተወለወሉ ሁለት የሴራሚክ ዲስኮች አሉ፤ አንዱ በሌላው ላይ እየተንሸራተተ ቀዳዳዎቹን ይከፍታል ይዘጋል። ሴራሚኩ ራሱ በቀላሉ አያልቅም። የሚጎዳው በውሃው የሚመጣ አሸዋና የዝገት ቅንጣት ሲጭረው፣ ወይም ከሥሩ ያሉት ትንንሽ ጎሚኒዎች ሲደርቁ ነው።

ስለዚህ ካርትሪጅ ከመግዛትዎ በፊት ይህን ይሞክሩ፦ በአፉ ጫፍ ያለውን ወንፊት ፈትተው ውሃውን ሙሉ በሙሉ ይክፈቱ፣ እጀታውን ከሙቅ ወደ ቀዝቃዛ፣ ከክፍት ወደ ዝግ አሥር ጊዜ ያህል ያመላልሱት። በዲስኮቹ መካከል የገባች ቅንጣት ከሆነች ታጥባ ትወጣለች፣ ጠብታውም ይቆማል። ካልቆመ መፍታት ነው።

ከእጀታው ኋላ ወይም ፊት ለፊት ያለችውን ትንሽ ክዳን ያንሱ፤ ከውስጥ የብሩጎላ ብሎን አለች፣ በአብዛኛው 2.5 ሚሊ ሜትር። ሙሉ በሙሉ አያውጧት፣ ሁለት ዙር ያህል ማላላት ይበቃል፤ እጀታው ወደ ላይ ይወጣል። ከሥሩ ያለው ክብ የክሮም ክዳን በእጅ ይፈታል፤ ካንሸራተተ የጎማ ጓንት ያድርጉ። ከዚያ ካርትሪጁን የያዘው ትልቅ ዳዶ ይታያል። ውሃው በእጀታው ሥር የሚወጣ ከነበረ እዚህ ቆም ይበሉና ዳዶው ላልቶ እንደሆነ ይፈትሹ። ላልቶ ከሆነ ትንሽ ማጥበቅ ብቻ ሥራውን ሊጨርሰው ይችላል።

ካልሆነ ዳዶውን ወደ ግራ ፈትተው ካርትሪጁን ቀጥ አድርገው ወደ ላይ ይሳቡት። በብዛት የሚገኙት 35 እና 40 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸው ናቸው፤ በትንንሽ ሚክሰሮች 25 ሚሊ ሜትርም አለ። ስፋቱ ስለተመሳሰለ ግን ይገጥማል ማለት አይደለም። ቁመቱ፣ እጀታው የሚሰካበት ዘንግ ውፍረት፣ የታችኛው ቀዳዳዎች አቀማመጥ፣ ሥሩ ጠፍጣፋ ወይም እግር ያለው መሆኑ፣ ሁሉም መመሳሰል አለበት። አሮጌውን ካርትሪጅ ከአዲሱ ጎን ገልብጠው ሥሮቻቸውን ሳያነጻጽሩ አይግዙ።

የሚቀመጥበትን ጎድጓዳ ቦታ በእርጥብ ጨርቅ ይወልውሉ፤ ነጭ ቅርፊት ካለ በአቼቶ አለስልሰው በጥርስ ብሩሽ ያንሱት። በቢላዋ ወይም በካቻቢቴ አይፋቁት፣ ጎሚኒዎቹ የሚያርፉት እዚያ ላይ ነው። አዲሱ ካርትሪጅ ከሥሩ ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች አሉት፣ በቧንቧው ውስጥ ደግሞ የሚገቡባቸው ሁለት ቀዳዳዎች። በትክክል ሲገቡ ካርትሪጁ ወዲያና ወዲህ አይዞርም። ሳይገቡ ዳዶው ከጠበቀ ጥርሶቹ ይሰበራሉ፣ ውሃውም በእጀታው ሥር ይፈሳል።

ዳዶውን በእጅዎ እስከሚቆም ካጠበቁ በኋላ በመፍቻ ከሩብ ዙር ያልበለጠ ይጨምሩ። ከላላ ያፈሳል፤ ከጠበቀ እጀታው ይከብዳል፣ ካርትሪጁም ሊሰነጠቅ ይችላል። የክሮም ክዳኑን ከመመለስዎ በፊት እጀታውን ለጊዜው ሰክተው ውሃውን ይሞክሩ። ሙቁና ቀዝቃዛው ተገለባብጦ ከመጣ ካርትሪጁን ግማሽ ዙር አዙረው መልሰው ያስገቡ፤ ቅርጹ ካልፈቀደ ከሲንኩ ሥር ሁለቱን ፍሌክሲብሎች ያቀያይሩ።

አንገቱ የሚዞር ቧንቧ ከሥሩ ሲያፈስ አንገቱ ተፈትቶ ይወጣና በላይና በታች ያሉት ኦሪንጎች ይቀየራሉ። ሁለቱንም አብረው ይቀይሩ፣ ስስ ሲሊኮን ግሪስ ይቀቡ፣ ሲመልሱም እያዞሩ ይጫኑት። ደረቅ ኦሪንግ ተጣጥፎ ይቆረጣል።

ውሃው ሲቀንስ

በመጀመሪያ በአፉ ጫፍ ያለውን ወንፊት ይፍቱ። ከሥር ሆነው እያዩ ወደ ግራ ነው የሚፈታው። ከጠበቀ በጎማ ወይም በወፍራም ጨርቅ ሸፍነው በፓፓጋሎ በለስላሳው ይያዙ፣ ክብ ነገር በቀላሉ ይጨፈለቃል። ወንፊቱን ሳይመልሱ ውሃውን ይሞክሩ፦ በኃይል ከመጣ ጥፋቱ የወንፊቱ ነው።

ወንፊቱ በውስጡ በርካታ ንብርብር ስላለው ቅደም ተከተሉን ፎቶ አንስተው ይለያዩት፤ በአቼቶ ከ30 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ዘፍዝፈው በብሩሽ ይፈትጉት፣ የተደፈኑትን ቀዳዳዎች በመርፌ ይክፈቱ። አቼቶ በበረኪና ወይም በረኪና ባለበት ማጽጃ ፈጽሞ አይቀላቅሉ፤ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ወንፊቱ ተበልቶ ከሆነ አዲስ ይግዙ፦ ጥርሱ ከውጭ ያለው ብዙ ጊዜ 24 ሚሊ ሜትር፣ ጥርሱ ከውስጥ ያለው 22 ሚሊ ሜትር ነው።

ያለ ወንፊትም ውሃው ደካማ ከሆነ ሌሎቹን ቧንቧዎች ይፈትሹ። ሁሉም ደካማ ከሆኑ ጉዳዩ ከዚህ ቧንቧ ውጭ ነው። ይህኛው ብቻ ከሆነ አንግል ቫልቩን ዘግተው ፍሌክሲብሉን ከቫልቩ ላይ ይፍቱ፣ ባልዲ ደግነው ቫልቩን ለሁለት ሦስት ሰከንድ ይክፈቱ። ከግድግዳው በኃይል ከወጣ የተደፈነው ፍሌክሲብሉ ወይም ካርትሪጁ ነው፤ በደካማው ከወጣ አንግል ቫልቩ።

ከሲንኩ በታች

ቴፍሎን የት እንደሚገባ ማወቅ ግማሹን ችግር ያስቀራል። የፍሌክሲብሉ ዳዶ አንግል ቫልቩ ላይ የሚታሸገው በውስጡ ባለችው ጠፍጣፋ ጎሚኒ ነው፤ ጥርሱ መያዣ ብቻ ነው፣ ቴፍሎን እዚያ ምንም አይፈይድም። እንዲያውም ዳዶው ጎሚኒዋን በደንብ እንዳይጫናት ሊያግድ ይችላል። ወደ ሚክሰሩ የሚገባው ቀጭኑ ጫፍም ኦሪንግ አለው፤ በእጅ ይጠብቅና በመፍቻ በጣም ትንሽ ይጨመርበታል። ቴፍሎን የሚያስፈልገው አንግል ቫልቩ ግድግዳው ውስጥ ካለው ቧንቧ ጋር በሚገናኝበት፣ ጎሚኒ በሌለበት ጥርስ ላይ ነው። የጥርሱን ጫፍ ወደ ፊትዎ አዙረው በሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ፣ ወጠር አድርገው ለግማሽ ኢንች ከ6 እስከ 10 ዙር ይጠምጥሙ። በተቃራኒው ከተጠመጠመ ሲያጠብቁት ይገለጣል። አጥብቀው ከጨረሱ በኋላ ትንሽ ወደ ኋላ ከመለሱትም ማሸጊያው ይላላል፤ ፈተው በአዲስ ቴፍሎን ይጀምሩ።

ፍሌክሲብሉ መጠምዘዝም ሆነ በሹል መታጠፍ የለበትም። ሽቦው የተበጠሰ፣ የዛገ ወይም አንድ ቦታ ያበጠ ካዩ ባያፈስም በዚያው ቀን ይቀይሩት፣ የጎኑንም አብረው። የሚንጠባጠብ ቧንቧ ውሃ ያባክናል፤ የፈነዳ ፍሌክሲብል ግን ሰው በሌለበት ቤት ያጥለቀልቃል።

ውሃውን ሲመልሱ

ወንፊቱን ሳይመልሱ ቧንቧውን ክፍት ይተዉና አንግል ቫልቩን በዝግታ ይክፈቱ። በጥገናው የተነቀነቀ ዝገትና ቅርፊት ሁሉ በመጀመሪያው ውሃ ስለሚመጣ አንድ ደቂቃ ይፍሰስ። ውሃ ጠፍቶ ሲመጣም እንዲሁ ማድረግ የካርትሪጁን ዕድሜ ያረዝማል። ከዚያ ወንፊቱን ይመልሱ፣ ቧንቧውን ይዝጉ፣ በነኩት መገናኛ ሁሉ ላይ ደረቅ ሶፍት ጠቅልለው ከ1 ሰዓት በኋላ እና በማግስቱ ጠዋት ይዩት። ብዙ ሰው ውሃ በማይጠቀምበት ሌሊት ግፊቱ ስለሚጨምር ቀን ያልታየ ፍሳሽ ሌሊት ሊወጣ ይችላል።

የቧንቧው አካል ከተሰነጠቀ፣ ጥርሱ ከተበላ ወይም መቀመጫው ከማይስተካከልበት ደረጃ ከደረሰ አዲስ መግጠም ይሻላል። ጎሚኒና ካርትሪጅ በየጥቂት ወሩ እያለቀ የሚያስቸግር ከሆነ ደግሞ ቧንቧውን አይወንጅሉ፣ ግፊቱን ያስለኩ። ከ5 ባር በላይ ከሆነ በዋናው መስመር ላይ የግፊት መቀነሻ ያስፈልጋል፤ እሱ ሳይገጠም የሚቀየረው ጎሚኒ ሁሉ በቶሎ ያልቃል።